ሦስተኛው እጅ

አቶ ዓምሃ ከነጫማቸው አልጋቸው ላይ ተጋድመው፣ አንድ እጃቸው ወደ ወለሉ ተንጠልጥሎ ተገኙ። ከኮፐንሃገን የሚመለሰው መርከብ ኦስሎ ወደብ ሲጠጋ፣ ቁርስ ላይ ስላልታዩ የክፍል አስተናጋጇ ማርያ በራቸውን አንኳኳች፣ ጠራች፣ በመጨረሻም ከፈተች። መርከቡ እንደታሰረ ፖሊስ ገባ።

መርማሪ ዋጋዬ ጠረጴዛው ላይ የነበረችውን ቀይ ኩባያ ጎንበስ ብላ አየች። የቴርሞስ ክዳን ናት። ውስጧ የፌጦ ዝቃጭ አለ፤ ከፌጦው ሥር ደግሞ ነጭ ዱቄት።

«የእንቅልፍ ክኒን ይመስላል» አለ ሐኪሙ። «ላቦራቶሪው ያረጋግጥልሻል። ልባቸው ደካማ ነበር ይላሉ፤ እንዲህ ከሆነ አይችለውም።»

ፌጦ በሎሚ የሚጠጣው ባሕር ላይ ሆድ እንዳይገለበጥ ነው። ዋጋዬ ወጣት ሆና ወደዚህ አገር ስትመጣ እናቷ በሻንጣዋ የሸጎጡላት እሱን ነበር። ስለዚህ የማን ወገን እንደሞተ ማንም ሳይነግራት አወቀች፤ ለምን እሷ እንደተጠራችም ገባት። ኦስሎ፣ ፉሩሴት ሰፈር ውስጥ አንድ አዳራሽ የሚሰበሰቡ ወንጌላውያን ለበጋ ሽርሽር አብረው ተሳፍረው ነበር። አቶ ዓምሃ የጉባኤው ሽማግሌ ናቸው። ማንኮራፋታቸውን ማንም ስላልቻለው ክፍል የያዙት ለብቻቸው ነው።

መጀመሪያ ሳይጠራ የመጣው ዋለልኝ ነው። ክራቫቱን አስተካክሎ ተቀመጠ። በየመሥሪያ ቤቱ ለአበሾች የሚያስተረጉም፣ አንደበቱ የለዘበ ሰው ነው።

«እህት ዋጋዬ፣ ጌታ ያውቃል፣ መናገር አልፈልግም ነበር።»

«ሳይፈልጉ ይናገሩ።»

«ቴርሞሱ ከእኛው ጋር የመጣችው የብርነሽ ነው። ለሁላችንም ፌጦ በጥብጣ ነበር። ትናንት ራት ላይ በአቶ ዓምሃ ጮኸችባቸው፤ ‹ልጆቼን ሊያስነጥቁኝ ለሕፃናት ጥበቃው፣ ለባርነቫርን የከሰሱኝ እርስዎ ነዎት!› ብላ። እሳቸው ‹ነገ ጠዋት ሁሉም ባለበት እውነቱን ትሰሚያለሽ› አሏት። ልጆቿን ይዛ ሄደች።»

«ከዚያስ?»

«ላጽናናት ብዬ ተከተልኳት። በሩ ገርበብ ብሏል። ሕፃናቱ ብቻቸውን ላይኛው አልጋ ላይ ተኝተዋል፤ የታችኛው የእሷ ባዶ ነው። ዞር ስል ከአቶ ዓምሃ ክፍል ስትወጣ አየኋት። ከዚያ ወደ ክፍሌ ገብቼ ከወንድም ወንድይራድ ጋር እስክንተኛ ስንጸልይ ቆየን።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «መቼም ሁለት ሕፃን ብቻዋን ይዛ ባሕር ላይ ከምትወጣ ሴት ምን ይጠበቃል?»

ዋጋዬ እስክሪብቶዋን በጣም እንደጨበጠች የታወቃት ጣቷን ሲያማት ነው። እሷም በአንድ ወቅት ብቻዋን ሕፃን አቅፋ ባቡር ትሳፈር ነበር፤ ይህችን ጥያቄ በብዙ ድምፅ ሰምታታለች።

ወንድይራድ አልናብሩ መጋዘን ፎርክሊፍት ይነዳል። ትከሻው በሩን ይሞላል፤ ሲገባ ግን አንገቱን እንደደፋ ልጅ ነበር። ቀኝ እጁን ከጃኬት ኪሱ ሳያወጣ ግራውን ዘረጋላት።

«ግራህን ነው የምትሰጠኝ?»

«ይቅርታ፣ ቀኜን… አሞኛል።»

«ማታ የት ነበርክ?»

«ክፍል። ስንጸልይ። አዎ፣ ከዋለልኝ ጋር።»

«በታመመው እጅህ?»

ወንድይራድ እጁን ይበልጥ ወደ ኪሱ ከተተ። ዋጋዬም አልጨቀጨቀችውም።

የሟች እህት ኤሊ በዕድሜ የገፉ፣ በአረጋውያን መኖሪያ የሚሠሩ ሴት ናቸው። ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘው ያለቅሳሉ።

«እትዬ ኤሊ፣ ወንድምዎ ነበሩ ብርነሽን የከሰሷት?»

«ዓምሃ? ናይ፣ በጭራሽ! ባርነቫርን ስብሰባ የጠራት ጊዜ አብሯት የሄደው ሊረዳት ነው። ከዚያ ቀን ወዲህ ግን ብቻውን ያወራ ነበር። ‹እሷኮ እንዲህ አላለችም› ይላል። ምኑን ስለው ዝም።»

«ትናንት ብርነሽ ከራት እንዴት ነው የሄደችው?»

«እንዴት ትሂድ? ትንሹን በአንድ እጇ አቅፋ፣ ትልቋን በሌላው ይዛ፣ ጋሪውን በሆዷ እየገፋች።»

«ማንም አላገዛትም?»

ኤሊ ዓይናቸውን ሰበሩ። «ብቻዬን እመጣለሁ ያለችው እሷ ናት።»

የብርነሽ ክፍል በመርከቡ ሆድ ውስጥ ነው። በሩ ወደ ውስጥ ተከፈተና ሻንጣ ገጭቶ ቆመ። ፍራሹ ወለሉ ላይ ነው፤ በላዩ የሁለት ዓመቱ በቃሉ ብስኩት ይፈረፍራል። የአምስት ዓመቷ አይዳ ጫማዋን ለብቻዋ ለማሰር ትታገላለች።

«አንቺም ልትጠይቂኝ ነው?» አለች ብርነሽ። «ጠይቂ! ልጄ ባርነሃገ ውስጥ፣ መዋዕለ ሕፃናቱ ጓደኞቿ ሁሉ የዴንማርክ መርከብ ሄደዋል፤ እሷም አማራት፤ ይዣት መጣሁ። አባት የለ፣ አክስት የለ። ይኸው ነው ወንጀሌ!»

«የት ነው የተኛችሁት?»

«ወለሉ ላይ!» አለች አይዳ ቀድማ። «እማዬ ያ ኮያ ክፉ ነው ብላለች።»

ጣቷ ወደ ላይኛው አልጋ ነው። አልጋው ታጥፎ ከግድግዳው ጋር ተጣብቋል። ዋጋዬ ሳበችው፤ ንቅንቅ አላለም። ማርያን አስጠራቻት።

«ገና ከኦስሎ ሳንነሳ፣ ‹ልጄ ትወጣበትና ትወድቃለች፣ እባክሽ አትክፈችው› ብላ ለመነችኝ» አለች ማርያ። «የሚከፈትበት ቁልፍ እኔ ጋ ብቻ ነው።»

«ሻንጣውስ በር ላይ ምን ያደርጋል?»

«ይቺ እግሯ አያርፍም» አለች ብርነሽ። «እንቅልፍ ቢወስደኝ ወጥታ ባሕር ውስጥ ብትገባስ? ሻንጣውንም ጋሪውንም ደረደርኩት። ማታ አንዱ ሰካራም በሩን ገፋ ገፋ አድርጎ ሄደ።»

«ቴርሞሱስ?»

«ራት ጠረጴዛ ላይ ነው የተውኩት። ጠዋት ባየው የለም።»

«ባርነቫርን ስብሰባው ላይ ምን አልሽ?»

«ሥራው ያደክመኛል፣ ቤት ስገባ ልጆቼ ያሳርፉኛል አልኩ። ቶልኩ ተረጎመልኝ።»

«ማነው ቶልኩ?»

«ዋለልኝ ነዋ። እንጋባ ቢለኝ እምቢ ብዬው ነበር፤ ግን ቂም ሳይዝ አገለገለኝ።» የበቃሉን ፍርፋሪ ከፍራሹ ጠረገች። «ሐሙስ በልጆቼ ላይ ይወስናሉ። ዛሬ ደግሞ ነፍሰ ገዳይ ከተባልኩ፣ ልጆቼን ማን ይተውልኛል?»

ዋጋዬ ወደ ኮሪደሩ ወጥታ ባልደረባዋን ክርስቲያንን የወንዶቹን ክፍል እንዲፈትሽ ላከችው። ከዚያ ስብሰባውን ለመራችው ለባርነቫርኗ ሴት ስልክ ደወለች። አንድ ጥያቄ ብቻ ጠይቃ መልሱን ሰማች። ስልኩን ስትዘጋ ጥርሷን ነክሳ ነበር።

ሁሉም ትናንት ራት በበሉበት ጠረጴዛ ዙሪያ ተሰበሰቡ። ዋጋዬ ብርነሽን ከነልጆቿ አስገባቻት።

«ብርነሽ፣ ትናንት እንደሄድሽው ሂጂ።»

«ልታሾፊብኝ ነው?»

«እንዲያዩሽ ነው። ትናንት አላዩሽም።»

ብርነሽ በቁጣ በቃሉን አቀፈች፣ አይዳን እጇን ያዘች፣ ጋሪውን በሆዷ ገፋች። መንገዱ አጋማሽ ላይ ስትደርስ ዋጋዬ አስቆመቻት።

«አቶ ዋለልኝ፣ ቴርሞሱን በየትኛው እጇ ትያዘው?»

«ኋላ ተመልሳ ወስዳው ይሆናል።»

«ጠረጴዛው ላይ ካገኘችው።»

ኤሊ ድንገት ከመቀመጫቸው ተነሡ። «አንተ! ‹እኔ አደርስላታለሁ› ብለህ አንተ አይደለህ ያነሳኸው? ከመካከላችን አንድ ደግ ሰው አለ ብዬ መረቅኩህ እኮ!»

«አዎ፣ አደረስኩላት…»

«በየት በር?» አለች ዋጋዬ። «ገርበብ ብሎ ነበር ባልከው? ያ በር በሻንጣና በጋሪ ተደግፎ ነው ያደረው። ሕፃናቱን ተኝተው ያየህበት ላይኛው አልጋ ታጥፎ ተቆልፏል፤ ከሄዱ እስኪመለሱ አንድ ቀንም አልተከፈተም። የሰው ልጅ አሳድገህ ብታውቅ፣ ብቻዋን ያለች እናት ሕፃን እዚያ ላይ ሰቅላ እንደማትተኛ ትረዳ ነበር። አላየህም፤ ገምተህ ነው የተናገርከው።»

ዋለልኝ ‹አንተ› መባሉን ሲሰማ ፊቱ ተለወጠ። «ወንድም ወንድይራድ ይመስክር! ክፍሌ ነበርኩ!»

«ወንድይራድ፣ ቀኝህን አውጣ።»

ወንድይራድ እጁን ቀስ ብሎ አወጣ። በሳሙና ተፈትጎ በቀላው የእጁ ጀርባ ላይ ሰማያዊ ማኅተም ይታያል። የመርከቡ ዳንስ ቤት መግቢያ ነው።

«አንድ ቢራ ነው» አለ ሊያለቅስ ደርሶ። «እሺ፣ ሦስት። ጉባኤው እንዳይሰማ ፈርቼ… ጠዋት ዋለልኝ ‹ስንጸልይ ነበር እንበል፣ አልነግርብህም› ሲለኝ ለእኔ ያዘነልኝ መስሎኝ!»

«አንተ ቢራህን ስትደብቅ፣ እሱ ግድያ ይደብቅ ነበር።»

ክርስቲያን በዚህ መሐል ገባና ሁለት ላስቲክ ከረጢቶች አስቀመጠ። በአንዱ ቴርሞሱ አለ፤ በዋለልኝ ሻንጣ ውስጥ በፎጣ ተጠቅልሎ የተገኘ ነው። በሌላው ከዚያው ሻንጣ የወጣ ባዶ የእንቅልፍ ክኒን ማሸጊያ።

«ቴርሞሱን እሷ ክፍል ጥለኸው ልትሄድ በሩን ገፋህ፤ አልከፈት አለህ» አለች ዋጋዬ። «በእጅህ ቀረ።»

«ግን ለምን?» አለች ብርነሽ። «አቶ ዓምሃ ምን አደረጉህ?»

ዋጋዬ ወደ እሷ ዞረች። «አንቺ ‹ልጆቼ ያሳርፉኛል› አልሽ። የባርነቫርኗ ሴት በኖርዌይኛ የሰማችው ግን ‹ልጆቼ አድክመውኛል፣ ከዚህ በላይ አልችልም› የሚል ነው። አሁን በስልክ ነገረችኝ። አቶ ዓምሃ ኖርዌይኛቸው ቀስ ያለ ነው፤ ግን ሁለቱን ቃል አመዛዝነው ደረሱበት። ዛሬ ጠዋት ሁላችሁ ፊት ሊናገሩ የነበረው እሱን ነው።»

ብርነሽ በቃሉን ደረቷ ላይ አጥብቃ ያዘችው።

«ላስፈራራት ብቻ ነበር!» አለ ዋለልኝ። «ሲጨንቃት ወደ እኔ ትመጣለች፣ ያኔ አስተካክለዋለሁ ብዬ… እሳቸው ግን ሊያዋርዱኝ ተነሡ!»

«ኩባያውን ምን ብለህ ሰጠሃቸው?»

ዋለልኝ ክራቫቱን አላላ።

«ልንገርህ። ሆዳቸውን አላመማቸውም፤ ፌጦውንም ከራት በፊት ከሁላችሁ ጋር ጠጥተዋል። ደግመው የሚጠጡት አንድ ነገር ከተባሉ ብቻ ነው፦ ‹ብርነሽ ለጮኸችው ይቅርታ ትላለች፣ ይህንን ላከችልዎት።›»

ዋለልኝ አንገቱን ደፋ። ኤሊ ነጠላቸውን ነክሰው «ለእርቅ ብሎ ጠጣው! ወንድሜን በይቅርታ ገደልከው!» እያሉ ጮኹ።

ክርስቲያን ካቴናውን ሲያስገባ ብርነሽ ወደ ዋለልኝ ቀረበች። ትመታዋለች ብለው ሁሉም ጠበቁ። እጇ ግን ባዶ አልነበረም።

«‹የከሰሱሽ እሳቸው ናቸው› ብለህ እኚያን የመሰለ ሰው ሁሉም ፊት እንድሰድብ አደረግከኝ» አለችው። «እኔ ያላልኳቸውን ይቅርታ በስሜ አልክ። አፌን ሰጥቼህ ነበር፣ አንተ!»

መውረጃው ደረጃ ላይ ዋጋዬ አብራት ቆመች።

«ለባርነቫርኗ ሴት መልሼ ደውዬላታለሁ። ሐሙስ ሌላ ቶልክ ይመጣል፤ እኔም እመጣለሁ።»

«እመጣለሁ ካልሽ ነይ» አለች ብርነሽ። ምስጋና ግን አልጨመረችም።

ደረጃው ቀጥ ያለ ነው። ኤሊ እያለቀሱ ለበቃሉ እጃቸውን ዘረጉ። ወንድይራድ ማኅተሙን ሳይደብቅ ጋሪውን ያዘ። ሁለት እጅ፣ ሦስት እጅ፣ አራት እጅ።

«እጃችሁን የፈለግኩት ትናንት ነበር» አለች ብርነሽ።

ሁለቱም እጃቸውን አልሰበሰቡም።

ጋሪውን ለቀቀችለት። ልጆቿን ለማንም ሳትሰጥ፣ አንዱን አቅፋ አንዷን ይዛ፣ ደረጃውን እየቆጠረች ወረደች።