ያልጎበጠው ብረት

የግንባታውን ፎርማን ሬሳ ከፍርስራሹ ስር ሲያወጡ መርማሪው ከተቀመጠበት የብሎኬት ክምር አልተነሳም። ጉልበቱን አሞታል። ዕድሜውን ሙሉ የተናደ ድልድይና የተደረመሰ መጋዘን ሲመረምር የኖረ ሰው ነው፤ ባልደረቦቹ «ፍርስራሽ» ይሉታል፣ እሱም መቆጣቱን ከተወ ቆይቷል። ሲደክመው ስሙ ልክ መስሎ ይታየዋል።

ቤቱ ገና በግንባታ ላይ ነው። ከበሩ በላይ ያለው ሰገነት አርማታው የተሞላው በቅርቡ ስለሆነ እስኪጠነክር በአራት ድጋፍ ብረቶች ተይዞ ነበር። ንጋት ላይ ወደቀ፣ ፎርማኑም ከስሩ ነበር። ወንጀለኛ ለመፈለግ ማንም አልደከመም። ድጋፎቹን ያቆመው አናጺ የሟቹ ሚስት ታናሽ ወንድም ነው፤ ሁለት ፖሊሶች ግራና ቀኝ ቆመው ይጠብቁታል። ድጋፎቹን ማን አቆማቸው ተብላ ስትጠየቅ እህቱ «ወንድሜ ነው» ብላ ፊቷን አዙራለች። መርማሪው ሌላ ነገር ካላገኘ አናጺው ከሰዓት በኋላ እስር ቤት ነው።

«ጠማማ አቁሞት ነው» አለ ከመርማሪው ጋር የመጣው ወጣት መሐንዲስ። «ግልጽ እኮ ነው።»

«ግልጽ ነገር ደስ ይለኛል፣ ቶሎ ቤቴ እገባለሁ» አለ መርማሪው። ቢሆንም አራቱን ብረቶች መሬት ላይ ጎን ለጎን አስደረደራቸው። «የሚወድቅ ነገር ሁሉ አወዳደቅ አለው። ቀጭን ነገር ሸክም ሲበዛበት ይጎብጣል። ደረቅ ነገር ሳያስጠነቅቅ ይሰበራል። ከጎን የተገፋ ይቆረጣል። ሲጭኑት ሲያነሱለት የኖረ ደግሞ ይደክምና አንድ ቀን ዝም ብሎ ይለቃል።»

«እርስዎ ከየትኛው ነዎት?» አለ መሐንዲሱ እየሳቀ።

«ከመጨረሻው።»

ሦስቱ ብረቶች ክፉኛ ጎብጠዋል። አራተኛው፣ ከፍርስራሹ አናት ላይ የተገኘው፣ እንደ ሻማ ቀጥ ያለ ነው። መርማሪው እያቃሰተ ተንበረከከ። የሦስቱ አናት ላይ ያለው ጠፍጣፋ ብረት ሲሚንቶ ደርቆበታል፤ የዚህኛው ግን ጥቀርሻ ነው። ቁመቱም ከሌሎቹ በአንድ ክንድ ያህል ያጥራል። እንዲህ ያለውን ድጋፍ እንደ ብሎን የተሠራ ጥርሱን እየጠመዘዙ በቦታው ከፍታ ልክ ያቆሙታል፣ ሲያነሱት ደግሞ ጥቂት ላላ አድርገው ይጎትቱታል እንጂ እስከ መጨረሻው የሚያሳጥረው የለም። ስለዚህ መጨረሻ የቆመበትን ጣሪያ ከፍታ ይዞ ይቀራል።

አናጺው ሲጠየቅ ብዙም አልተከራከረም። ትናንት ሲወጣ አራቱም ቆመው እንደነበር፣ እያንዳንዱንም በመዶሻ መትቶ እንደፈተሸ ተናገረ። «ግን ማን ያምነኛል? እህቴ እንኳ ዓይኔን ማየት ጠልታለች።»

የግንባታው ዘበኛ ሲያወራ ማቆሚያ የለውም፤ ከወገቡ ሕመም ጀምሮ ወደ መንግሥት ሊሻገር ሲል መርማሪው ወደ ጉዳዩ መለሰው። ከዚያ ሁሉ ወሬ ሁለት ነገር ተገኘ። አንደኛው፣ ፎርማኑ ንጋት ላይ ሲገባ ሰላም እንኳ አላለውም። «ወፍራም እንጨት ተሸክሞ፣ እየሮጠ ነው ያለፈኝ ጌታዬ።» ሁለተኛው፣ ሰገነቱ ሲወድቅ ዘበኛው መጀመሪያ የሮጠው ከአጥሩ ጀርባ ወዳለው የፎርማኑ ቤት ነው። ለሟቹ ሚስት ነግሮ ከዚያ ወደ ፖሊስ ጣቢያ ሄደ።

በአካባቢው ጥቀርሻ የያዘ ጣሪያ ያለው ሁለት ቦታ ነው። የዘበኛው ጎጆ ጣሪያዋ በጣም ዝቅ ያለ ስለሆነ ብረቱ ቆሞ አልገባም። የቀረው የፎርማኑ ማድ ቤት ነበር።

ሁሉንም እዚያው ሰበሰባቸው፤ መሐንዲሱን፣ ዘበኛውን፣ አናጺውን ከነፖሊሶቹ፣ ጥግ ላይ የተቀመጠችውን የሟቹን ሚስትም። የማድ ቤቱ አግዳሚ እንጨት መሃሉ ላይ ረግቧል። መርማሪው ብረቱን ለአናጺው ሰጠው፤ አናጺው ከስሩ አቁሞ ጥርሱን ጥቂት ቢያዞረው ግጥም አለ። አናቱም እንጨቱ ላይ ጥቀርሻው ከተፋቀበት አራት ማዕዘን ምልክት ጋር ልክ ሆነ።

«ሙት ወቃሽ አያድርገኝ» አለ መርማሪው። «ብረቱን ትናንት ማታ ያመጣው ባለቤትዎ ነው። እዚያ የቀሩት ሦስቱ ሌሊቱን ሙሉ የአራት ሸክም ተሸክመው ንጋት ላይ ጎበጡ። ይህኛው እዚያ ቢሆን ኖሮ አብሯቸው ይጎብጥ ነበር።»

«ታዲያ ለምን ከስሩ ገባ?» አለ መሐንዲሱ።

«እንጨት ይዞ ሄዷል እኮ። አራት ብረት ለቆመበት ቦታ እንጨት ምን ያደርጋል? አንዱ እንደጎደለ የሚያውቅ ሰው ነው ምትክ የሚያመጣው። ሌሊቱን አሳስቦት አድሮ ሊያስተካክል ሄደ፣ አልደረሰም።» ወደ ሴትየዋ ዞረ፤ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ብረቱ ግን የተገኘው ከፍርስራሹ በላይ ነው። የተመለሰው እሱ ከሞተ በኋላ ነው ማለት ነው። ዘበኛው ፖሊስ ሊጠራ ሲሮጥ ከሬሳው ጋር የቀሩት እርስዎ ብቻ ነዎት።»

ሴትየዋ አልካደችም። ለመካድም አቅም ያላት አትመስልም።

«ጣሪያው ልጆቼ ላይ ሊወድቅ ነው እያልኩ የጨቀጨቅኩት እኔ ነኝ» አለች። «ለጥቂት ቀን ነው ብሎ አመጣልኝ። ሰርቆ ራሱን ገደለ እንዲሉት አልፈለግኩም። ስም ከመቃብር በላይ ነው።»

«ወንድምዎስ?»

«እሱ በሕይወት አለ። ይወጣዋል ብዬ ነው።»

ፖሊሶቹ ከአናጺው ጎን ፈቀቅ አሉ። መርማሪው ከዚህ በኋላ የሚፈልገው ነገር ቢኖር ወንበር ብቻ ነበር፤ ወንበር ግን አልነበረም። አናጺው እህቱ ፊት ሄዶ ቁጢጥ አለ።

«እትዬ» አላት፣ «ለምን ለእኔ አልነገርሽኝም? ብትነግሪኝ እኮ እኔ ነኝ እላቸው ነበር።»