ውሃ የቀመሰ አፈር

የአፈር ተመራማሪው ሩፋኤል ለቀናት ጠፍቶ ከርሞ፣ ሬሳው በአቦቦ መንገድ ዳር ባለው የግጦሽ ምርምር ጣቢያ አጥር ሥር ተገኘ። የራስ ቅሉ ተሰንጥቋል። ኢንስፔክተር ኛዱዎት ከጋምቤላ ከተማ ስትደርስ ፖሊሶች ከብት አርቢውን ሆትን በካቴና አስረውት ነበር።

«ገዳዩ እሱ ነው» አለ የጣቢያው ኃላፊ በሪሁን። «አምና ከብቶቹ እዚህ አልቀውበታል። ሩፋኤል ከመጥፋቱ በፊት ሲጮህበት ሁሉም ሰምቷል።»

«ጮኼበታለሁ» አለ ሆት፣ ዓይኑ ቀልቶ። «መጮህ መግደል ነው?»

ኛዱዎት ጎንበስ ብላ መሬቱን አየች። ደም የለም። ሌላ ቦታ ተገድሎ ነው እዚህ የተጣለው። ገዳዩ ደሙን በውሃ አጥቦት ይሆናል።

«አቶ በሪሁን፣ ግቢው ውስጥ ሰሞኑን ውሃ የፈሰሰበት ቦታ አለ?»

«የትም የለም። የምንጠጣው እንኳ በቦቴ ነው የሚመጣው።»

የሩፋኤል የሥራ ባልደረባ ዩስራ ላቦራቶሪ ውስጥ እያለቀሰች ነበር።

«ምን ነበር የምታጠኑት?» አለቻት ኛዱዎት።

«በበጋ የደረቀ አፈር መጀመሪያ ውሃ ሲያገኝ ንጥረ ነገሩን በአንድ ጊዜ ይለቃል። ውስጡ ያሉት ተሕዋስያንም በኃይል ይተነፍሳሉ። ያኔ የሚበቅለው ሣር ናይትሬት ይበዛበትና የተራበ ከብት ይገድላል። ሩፋኤል አምና የግጦሹ በር ለከብቶች እንዳይከፈት ለምኖ ነበር።»

«ማንን?»

«አቶ በሪሁንን። እሳቸው ግን ለእንግዶች ከብት በለምለም ሣር ላይ ማሳየት ፈለጉ።»

«በቅርቡ ውሃ ያገኘ አፈርስ?»

«ተመልሶ ቢደርቅም፣ እንደገና ሲረጥብ ትንፋሹ ደካማ ነው።»

«እንግዲያው ከየቦታው አፈር እንውሰድ።»

በማግስቱ ኛዱዎት ሁሉንም ላቦራቶሪው ውስጥ ሰበሰበች። አፈሩ በየብልቃጡ ታሽጎ ተደርድሯል።

«የአጥሩም የግጦሹም አፈር ውሃ ስናጠጣው በኃይል ተንፍሷል» አለች። «የመጋዘኑ ጓሮ አፈር ግን ደካማ ነው። ሰሞኑን ውሃ ጠጥቷል። ፀሐይ ላዩን ስላደረቀው በዓይን አይታይም። በዚህ በጋ፣ በቦቴ በሚመጣ ውሃ ባዶ መሬት ማን ያጥባል? ዛሬ ጠዋት ስንቆፍር ደሙን አገኘነው። የጓሮው ቁልፍ ያለው እርስዎ ጋ ብቻ ነው፣ አቶ በሪሁን። ውሃ የትም አልፈሰሰም ያሉኝም እርስዎ ነዎት።»

«በሩን ያስከፈትኩት እኔ መሆኔን ለአርቢዎቹ ሊነግራቸው ነበር» አለ በሪሁን። «ስሜን ሊያጠፋ ነበር።»

ካቴናው የተፈታለት ሆት ወደ እሱ ተጠጋ።

«በሩን የከፈተው ሩፋኤል ነው ያልከኝ አንተ ነህ። አምኜህ ሰደብኩት። ዝም ብሎ ሰማኝ።»

በሪሁን አንገቱን ደፋ።

«ቀና በል፣ እየኝ። ከብቶቼን ገደልክ፣ እሱን ገደልክ፣ እኔን አሳሰርክ። አሁን ያን ሰው የት ሄጄ ነው ይቅርታ የምጠይቀው?»

ኛዱዎት ካቴናውን በበሪሁን እጅ ላይ አጥብቃ ዘጋችው።