ያለው ባለበት ይጽና

ምክር ቤቱ በተከፈተ በዘጠነኛው ዓመት፣ ዝናቡ በገባ በሁለተኛው ሳምንት፣ ማክሰኞ ረፋድ ላይ፣ ሰባ ሁለት እንደራሴዎች ካፖርታቸውን ሳያወልቁ በረጃጅሞቹ የእንጨት ወንበሮች ላይ እንደተቀመጡ እጃቸውን አወጡ፤ ጣሪያው በሁለት ቦታ ያፈስ ስለነበረ አንዱ ባልዲ ከአፈ ጉባኤው ጠረጴዛ አጠገብ፣ ሌላው ከጸሐፊዎቹ ኋላ ተደቅኖ ነበርና፣ ድምፅ ቆጣሪው በጠብታው እየተደናገረ ሁለት ጊዜ ቆጠረ። የተቃወመ አልነበረም። የክርክር ማብቂያ አዋጅ በዚያች ሰዓት ጸደቀ፤ አርቃቂውም ከሦስተኛው ረድፍ ተነሥተው እጅ ነሡ።

እኒህ ሰው ሠላሳ አንድ ዓመት በጠበቃነት፣ ስድስት ዓመት ደግሞ በእንደራሴነት የኖሩ ናቸው። በፍርድ ቤቱ ግቢ ግን ዳኛውም ዘበኛውም የሚያውቃቸው "ባለ ቀጠሮው" በሚል ስም ነበር፤ ስሙም ያለ ምክንያት አልወጣላቸውም። ሥራቸው ቤት ወይም መሬት በእጁ ለያዘ ተከሳሽ መቆም ነው፤ እንዲህ ላለው ሰው ደግሞ ጊዜ ከዳኛ ይበልጥበታል። አንዴ ምስክር ታመመብኝ፣ አንዴ መዝገቡ አልተገለበጠልኝም ይላሉ፤ ሰበብ ያለቀ ዕለት ነጭ መሐረብ አንገታቸው ላይ ጠምጥመው ይቀርቡና በእጃቸው ወደ ጉሮሯቸው ያመለክታሉ። ዳኞቹም እያወቁ፣ እየሳቁ፣ ቀጠሮ ይሰጧቸው ነበር። ባለቤታቸው መሐረቡን እየተኮሰች፣ "ይሄ ጉሮሮ አንድ ቀን የእውነት ያምህና የሚያምንህ ታጣለህ" ትላቸው ነበር። እሳቸውም ይስቁ ነበር።

ሌላም ልማድ ነበራቸው፤ ማናቸውንም የመከላከያ ጽሑፍ ሲጨርሱ፣ "ክርክሩ እስኪለይ ያለው ባለበት ይጽና" ብለው ይዘጋሉ። በሠላሳ አንድ ዓመት ውስጥ ይህችን ዓረፍተ ነገር ስንት ሺህ ጊዜ እንደጻፏት እሳቸውም አያውቁም፤ እጃቸው ሳያስቡት ይጽፋት ጀምሮ ነበር።

ታዲያ አንድ ቀን፣ በችሎቱ ኮሪደር፣ አንድ ሽማግሌ ባለጉዳይ መዝገቡን ጭኑ ላይ እንዳስቀመጠ አግዳሚው ላይ ሞቶ ተገኘ። የዕለቱን ቀጠሮ ያስሰጡት እሳቸው ነበሩ። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ አልወሰዳቸውም ብል ማጋነን ይሆንብኛል፤ ይተኙ ነበር፣ ነገር ግን አግዳሚው አጠገብ ባለፉ ቁጥር ዓይናቸውን ያሸሹ ነበር። ጥብቅናውን ትተው ለምክር ቤት የተወዳደሩት፣ በምግብ ጠረጴዛቸው ላይ አሥራ አንድ ወር ሙሉ ያንን አዋጅ በገዛ እጃቸው የጻፉት በዚሁ ጸጸት ነው። ከአሥር ዓመት በላይ ያለ ፍርድ የቆየ ክርክር ይዘጋ፤ ሰው ከኮሪደር ወጥቶ ቤቱ ይግባ። ሐሳቡ ይኸው ነበር፤ መልካም ሐሳብም ነበር።

ጉባኤው እንደተበተነ በደጃፉ አንዲት ልብስ ሰፊ ጠበቀቻቸው። ሴትዮዋን ያውቋታል፤ ባለወፍጮው የአባቷን ቤት መጋዘን አድርጎ ስለያዘባት የከሰሰች ናት፤ የባለወፍጮው ጠበቃ ደግሞ ምክር ቤት እስኪገቡ ድረስ እሳቸው ነበሩ። ከመርፌ ብዛት የሻከሩ ጣቶቿን አጣምራ ጎንበስ አለችላቸው።

"እንኳን ደስ አለዎ፣ ጌታዬ። የእኔም ነገር ዛሬ አለቀ ማለት ነው?"

"ስንት ዓመት ሆነው?"

"አሥራ አራት።"

"እንግዲያው አለቀ" አሉ፤ ደስም አላቸው። ከአሥራ አራቱ ስምንቱን ያስረዘሙት እሳቸው ነበሩና፣ ያደረጉትን በአንድ ቀን የፈቱት መሰላቸው።

"ቤቱስ ለማን ሆነ?"

ከኪሳቸው ግልባጩን አውጥተው ያነቡላት ጀመር። እሷም እንደ ተማሪ አንገቷን ሰበር አድርጋ አዳመጠች። የመጨረሻው መስመር ላይ ሲደርሱ ድምፃቸው ዝቅ አለ፤ "የተዘጋውም ክርክር ያለው ባለበት ይጽና" ይላል። በእጃቸው የተጻፈ ነው። አሥራ አንድ ወር ሲያነቡት ከርመው አንድም ቀን አላዩትም፤ ረቂቁን ከመረመሩት አርባ የኮሚቴ አባላትም አንዱ አላየውም፤ የተለመደ መዝጊያ ነዋ።

"እስቲ መጨረሻዋን ይድገሙልኝ" አለች።

ደገሙላት።

"በእጁ ለያዘው ሰው ማለት ነው፣ አይደል?"

ግልባጩን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱ። ከዚያም ሠላሳ አንድ ዓመት የለመደ አፋቸው ቀደማቸውና፣ "ነገ ይመለሱ፤ አየዋለሁ" አሏት።

"ይቺን እንኳ አውቃታለሁ" አለችና ነጠላዋን ለዝናቡ ተከናንባ ሄደች።

ማታ ለባለቤታቸው አልደበቁም። አዋጁ አርብ በስድስት ሰዓት ለንጉሡ ፊርማ እንደሚወጣ፣ ከዚያ በፊት ማስመለስ የሚቻለው አርቃቂው ራሱ በጉባኤ ፊት ተነሥቶ ተሳስቻለሁ ሲል ብቻ እንደሆነ ነገሯት። እሷም ሳህን እያነሣች፣ "ታዲያ ምን ያስቀምጥሃል?" አለቻቸው። የሚያስቀምጣቸው ነገር ነበር። መሳሳታቸውን ለመናገር፣ እነዚያ የታመሙ ምስክሮች እንዳልታመሙ፣ ያ ጉሮሮም ጤነኛ እንደነበረ መናገር ነበረባቸው፤ ጋዜጣው ደግሞ በዚያው ምሽት "የሙግት መድኃኒት" ብሎ በፊት ገጹ አሞግሷቸው ነበር።

ረቡዕ ቀኑን ሙሉ የማስተካከያውን ጽሑፍ ሲጽፉና ሲሰርዙ ዋሉ። ሐሙስ ወደ አፈ ጉባኤው ቤት ሄዱ፤ ሳሎኑ እንኳን ደስ አለን በሚል እንግዳ ሞልቶ አገኙት፤ ብርጭቆ ተሰጣቸው፣ ተጨበጨበላቸው፣ ያሰቡትን ዋጥ አድርገው ወጡ። ለራሳቸው ቀጠሮ ሰጡ ማለት ነው። በእግራቸው ሲመለሱ ዝናቡ ልብሳቸውን አልፎ ገላቸው ገባ፤ አርብ ጠዋት ሲነሡ ጉሮሯቸው ተዘግቷል። ባለቤታቸው ነጩን መሐረብ አንገታቸው ላይ ጠመጠመችላቸው።

አምስት ሰዓት ላይ ከወንበራቸው ተነሡ። እንደራሴዎቹ መሐረቡን ባዩ ጊዜ ገና ምንም ሳይናገሩ ሳቅ ተጀመረ። "አዋጁ ከመፈረሙ በፊት ይመለስልኝ፤ ላስተካክለው" አሉ፤ ድምፃቸው ከሁለተኛው ረድፍ አላለፈም። ከኋላ አንዱ፣ ባለ ቀጠሮው ለሕጉም ቀጠሮ ጠየቀለት ሲል ሳቁ አዳራሹን ሞላው።

"ይህ ሕግ ላዘገየ ሰው የሚፈርድ ነው" አሉ፤ ጠረጴዛውን በሁለት እጃቸው ይዘዋል። "አውቀዋለሁ፤ ያዘገየሁት እኔ ነኝና።"

የሰሟቸው ፊት ለፊት የተቀመጡት ሦስት ሰዎች ብቻ ነበሩ፤ እነሱም ቀልድ መስሏቸው አጨበጨቡ። አፈ ጉባኤው ደግ ሰው ነበሩ። ፈገግ ብለው፣ "የተከበሩ እንደራሴ፣ ራስዎን አይጉዱ፤ ጉሮሮዎ ሲሻልዎ በሚቀጥለው ጉባኤ ይነግሩናል" አሏቸው። የሚቀጥለው ጉባኤ ዝናቡ ካበቃ በኋላ ነው። ስድስት ሰዓት ላይ አዋጁ በቆዳ ቦርሳ ሆኖ ወጣ፤ ረቡዕ ጠዋት ቢናገሩ ኖሮ ድምፃቸው ደኅና ነበር፤ ይህንንም እስከ ዕለተ ሞታቸው አልረሱትም።

በወሩ የልብስ ሰፊዋ መዝገብ ተጠራ። ባለ ቀጠሮው ገብተው በከሳሽ በኩል፣ ከእሷ አጠገብ፣ አግዳሚው ላይ ተቀመጡ። የመዝገብ ቤቱ ሹም የተሳሳቱ መስሎት ወደ ማዶው ሲያመለክታቸው ራሳቸውን ነቀነቁ።

"እስቲ ዛሬ እንኳ ለእኔ አንድ ቀጠሮ ይጠይቁልኝ" አለቻቸው በሹክሹክታ። ፌዝ አልነበረም፤ የምሯን ነበር የለመነችው።

ተነሡ። ጉሮሯቸው ድኖ ነበር። ምክር ቤቱ አዋጁን ዳግም እስኪያየው ድረስ ተለዋጭ ቀጠሮ እንዲሰጥ ጠየቁ፤ በዕድሜያቸው እንደዚያ አሳምረው የጠየቁት ቀጠሮ የለም። ዳኛው መነጽራቸውን አወለቁ፣ አዩዋቸው፤ አልሳቁም።

"አዋጁ ቀጠሮ አይፈቅድም። እርስዎ ነዎት የጻፉት።"

መዝገቡ ተዘጋ። ባለወፍጮው በአጠገባቸው ሲያልፍ ባርኔጣውን አንሥቶ አመሰገናቸው።

የማሻሻያው ረቂቅ በሚቀጥለው ጉባኤ ለኮሚቴ ተመራ፤ ኮሚቴው ለሌላ ኮሚቴ መራው፤ የእሳቸውም የሥራ ዘመን በዚያው አለቀ። ዛሬ በሕግ ትምህርት ቤቱ መጻሕፍት ውስጥ ስማቸው ከነማዕረጋቸው ተጽፎ ይገኛል፤ አሥራ ሁለት ሺህ ክርክር በአንድ አዋጅ የዘጉ ታላቅ ሕግ አውጪ ይባላሉ። ልብስ ሰፊዋ በተዘጉት መዛግብት ዝርዝር ውስጥ አንዲት ቁጥር ናት። የዚያች አርብ ቃለ ጉባኤም አልጠፋም፤ ፈልጎ ያወጣው ሰው በአራተኛው ገጽ ግርጌ፣ "አንድ እንደራሴ የጉሮሮ ሕመማቸውን ገልጸው ተቀመጡ" የሚል ያገኛል።