ሳጥኗ የያዘችው ቁጥር

ቱሉ የሞተው ረፋድ አራት ሰዓት ላይ ነው። አየር ጤና ባለው ወርክሾፕ፣ የተጣበቀ ቆርቆሮ ሊያላቅቅ ጎንበስ ሲል ቆርቆሮ የሚቀርጸው ማሽን፣ ፕሬሱ፣ ወረደበት። ኢንስፔክተር ዙቤዳ ስትደርስ ሬሳው ሸራ ለብሷል። ፕሬሱ ቢቆምም አልጠፋም፤ ያጉረመርማል። አሁን የሚጠጋው የለም።

ሦስት ሰዎች በሩ አጠገብ ቆመዋል፤ ባለቤቱ አቶ ፈቀደ፣ ኤሌክትሪሺያኑ ኢብራርና የማሽኑን ፕሮግራም የጻፈችው ሌሊሴ።

«እሷን ያዙልኝ» አለ ፈቀደ። «ሰው ሲገባ ይቆማል ብላ ፈርማ ነው ያስረከበችኝ።»

ሌሊሴ ወደ ዙቤዳ ዞረች። «ፕሮግራሙ በየአሥር ሚሊ ሰከንዱ ሰው መኖሩን የሚያየውን ሴንሰር ይጠይቃል፤ ሰው ካለ ያቆማል። ጥያቄው አሥሩ ሳይሞላ ማለቅ አለበት። ሳምንት ሙሉ እየሠራ ለካሁት፤ በጣም ሲዘገይ የፈጀው ስምንት ነው።»

«በምን ለካሽው?»

ማሽኑን የሚያዘው ቦርድ ላይ የተሰካች ትንሽ ሳጥን አሳየቻት። «ይቺ ካየችው ሁሉ ትልቁን ቁጥር ብቻ ትይዛለች፤ በቁልፏ ካልሰረዙት አይጠፋም። ነቅያት አላውቅም፤ የባሰው ነገ ይመጣል ብዬ እፈራለሁ።»

«ሦስት ነው የምትለው» አለች ዙቤዳ።

ሌሊሴ ክው አለች። «ሦስትማ ፕሬሱ ቆሞ ሳለ የሚታይ ቁጥር ነው።»

ዙቤዳ ቀና አለች። ዕቃው ሁሉ የብረት ብናኝ ለብሷል፤ ምርት የሚቆጥረው ስክሪን ግን ያብረቀርቃል።

«ይሄ መቼ ተገጠመ?»

«ድሮም ነበር» አለ ፈቀደ።

«ትናንት ነው፣ ጋሼ» አለ ኢብራር ቀስ ብሎ። «ሌላ ባለሙያ አምጥተው ነው ያስገጠሙት።»

«አደጋው ሲደርስ የት ነበራችሁ?»

«እኔና ጋሼ እዚሁ ነበርን፤ ሌላ ሠራተኛ አልነበረም። እኔ ወዲያው ሰው ልጠራ ሮጥኩ፤ የተመለስኩት ከእናንተ ጋር ነው።»

«እኔ አስኮ ነበርኩ» አለች ሌሊሴ። «ከእርስዎ ጋር እኩል ነው የደረስኩት።»

ዙቤዳ ሦስቱንም ሳጥኗ ዘንድ ጠራቻቸው።

«ሳጥኗ ቢያንስ ስምንት ማለት ነበረባት። ሦስት ካለች፣ ቁጥሩ የተሰረዘው ፕሬሱ ከቆመ በኋላ ነው፤ ቱሉ ከሞተ በኋላ ማለት ነው። ያኔ ኢብራር መንገድ ላይ ነው፣ ሌሊሴ አስኮ ናት። ከሬሳው ጋር የቀሩት እርስዎ ነዎት፣ አቶ ፈቀደ።»

«ለምን ብዬ እሰርዛለሁ?»

«እሱን ማሽኑ ይንገረን። ሬሳው ይውጣ። ከዚያ ኢብራር፣ ባዶውን አስነሳው።»

ፕሬሱ በወረደ ቁጥር ወለሉ ራደ። ሁሉም ግድግዳ ተጠጉ። ሳጥኗ ስምንት አለች፤ ስክሪኑ ሲቆጥር አሥራ አራት።

«ስክሪኑ በዚሁ ቦርድ ስለሚሠራ የሴንሰሩን ጊዜ ወሰደበት» አለች ሌሊሴ በሹክሹክታ። «አሥሩ ሲያልፍ ጥያቄው ይዘለላል። ሰው ቢኖርም አያይም።»

ፈቀደ ባልዲ ላይ ተቀመጠ። «ጠዋት ቱሉ አሥራ አራቱን አሳይቶኝ ነበር። እስከ ምሳ እንሥራና ስክሪኑን እናስነቅላለን አልኩት። ሲሞት ፈርቼ ቁጥሩን ሰረዝኩት።»

ኢብራር ማሽኑን አጠፋ። ሌሊሴ እጇን ወደ ሳጥኗ ስትሰድ ዙቤዳ ያዘቻት።

«አትንኪያት። አንቺን ነጻ የምታወጣሽ እሷ ናት።»