የታዛቢው ሻይ

ጋሽ ጎበዜ ቅዳሜ ጠዋት ሞተው ተገኙ። «ጣራችን» የተባለው የቁጠባና ብድር ማህበር ሊቀመንበር ነበሩ፤ የተገኙትም ከመርካቶው ምን አለሽ ተራ ወረድ ብሎ ባለው ፎቅ ላይ፣ በማህበሩ ጠባብ ቢሮ፣ ሶፋ ላይ ተንጋልለው ነው። መስኮቱ ጥርቅም ብሏል። በሩ ተዘግቷል እንጂ አልተቆለፈም። ከእግራቸው ሥር አዲስ የከሰል ምድጃ አለ፤ ውስጡ አመድ ነው። ሬሳውን ያገኙት የማህበሩ ገንዘብ ያዥ ሐጂ ረዲ ጮኹ፤ ሰፈሩ ተሰበሰበ፤ ፖሊስ ሳይደርስ ገበያው ፍርዱን ሰጠ፦ «ከሰል ነው የገደላቸው!»

መርካቶ ፍርድ መስጠት መቼ ቸግሮት ያውቃል? ምድጃው የሠርኬ መሆኑ ሲታወቅማ ወሬው እግር አወጣ። ሠርኬ ከቁርጥራጭ ቆርቆሮ ምድጃ እየሠራች ሁለት ልጆች የምታሳድግ ሴት ናት። አርብ ከሰዓት ምድጃውን በጆንያ ጠቅልላ ወደ ቢሮው ስትወጣ ያላያት የለም። እሁድ ደግሞ ማህበሩ ተሰብስቦ የቤት ብድሯን ሊወስን ነበር። «ጉቦ ሰጠች፤ ጉቦው ገደላቸው» ተባለ። ወይ ጉድ! የደከመችበትን ስም በአንድ ጠዋት አፈር አበሉት።

ኢንስፔክተር መሊካ ስትደርስ ማንንም አልሰማችም። ድምጿ ዝግ ያለ፣ ለነገር የማትቸኩል ሴት ናት። ወሩ ረመዳን ነው፤ እሷም ጾመኛ ናት። የክርስቲያኑ ሁዳዴም ገጥሟል፤ ቀን ቀን የገበያው ሻይ ቤት ሁሉ ጭር ይላል። በርከክ አለችና አመዱን በእስክሪብቶ ጫፍ ገለጥ ገለጥ አደረገች። እርጥብ የሻይ ቅጠል አገኘች፤ ስትገባ ኮሪደሩ ጫፍ ያየችው የሻይ ቤት አመድ ጣሳ ትዝ አላት። ከአመዱ ሥር የምድጃውን ሆድ በጣቷ ስትጠርገው፣ የተቀባው ብርማ ቀለም ፍንትው ብሎ ወጣ። ጠረጴዛው ላይ ሁለት የሻይ ብርጭቆ አለ፤ የሁለቱም ሥር ላይ ስኳር ደርቋል። ከሶፋው በታች እጇን ሰደደችና አንድ ትራስና አንድ የምድጃ ክዳን አወጣች። ክዳኑ ከዘይት ቆርቆሮ የተቆረጠ ነው፤ ቀይ ጽጌረዳ ተስሎበታል። ሁለቱንም ማንም ሳያይ በከረጢት ከታ ወደ ጣቢያ ላከች።

ከዚያ ወደ ሠርኬ ሄደች። ሠርኬ መዶሻዋን ይዛ ቆርቆሮ ትቀጠቅጣለች።

«ዛሬ እንኳ አትዘጊም?»

«ለምን ብዬ? ብዘጋ “ጥፋተኛ ናት” ይሉኛል፤ ብከፍት “ዓይነ ደረቅ” ይሉኛል። ዓይነ ደረቅ ይሻለኛል።»

«ምድጃውን በስጦታ ነው የሰጠሻቸው?»

መዶሻው አየር ላይ ቆመ። «ስጦታ? ጋሽ ጎበዜን አያውቋቸውማ! የማህበሩ ታዛቢ እሳቸው ናቸው። እኛ ደመወዝ የለን፣ ማህተም የለን። ብድር ስንጠይቅ ታዛቢ መጥቶ ሱቃችን ይቀመጣል። ምን እንደምንሸጥ፣ ገበያ ሲጠፋ ምን እንደምናደርግ ያያል። ብድሩ እስኪወሰን ከጠያቂው ጋር ውሃ እንኳ አይቀምስም፤ ደንባችን ነው። እሳቸው እዚህ ፀሐይ ላይ ውለው፣ መጠጣት ሲያምራቸው መንገድ ተሻግረው ነበር የሚሄዱት። ምድጃውን ለልጃቸው ብለው በገንዘባቸው ገዙ። ቅናሽ ላድርግ ብል ተቆጡኝ።»

«ክዳን ነበረው?»

«እንዴ፣ ማን ነገረዎት? ክዳን ሠርቼ አላውቅም፤ ለሳቸው ብቻ አሳምሬ ሠራሁ። ቢሮ አድርሼ ከጆንያው አወጣሁላቸው፤ ሳቁ፣ ወጣሁ። ለማንም አልነገርኩም። አሁንስ ለማን ላውራው?»

«ባንክ ሞክረሽ ነበር?»

«ሞክሬ! ልጁ “የደመወዝ ማስረጃ አምጪ” አለኝ። እጄን ዘርግቼ አሳየሁት። ሳቀብኝ። ኮንዶሚኒየሙን የሚሸጥልኝ ሰውዬ የሚጠብቀኝ እስከ ሰኞ ነው፤ ከዚያ ለሌላ ይሰጠዋል። አከራይ በየጊዜው ሲያባርረኝ ልጆቼ ትምህርት ቤት መቀያየር ሰለቻቸው። አሁን ደግሞ ነፍሰ ገዳይ ተባልኩ። ይበሉ! አንገቴን የምደፋ ከመሰላቸው ተሳስተዋል።»

ሁለተኛዋ ብድር ጠያቂ ፈሪዳ ነች፤ አንዋር መስጊድ ሰፈር ቅመም ትሸጣለች። የዚህ ዙር ብድር ለአንድ ሰው ብቻ ነው።

«ሠርኬ ብትወድቅ ተራው ላንቺ ነው አይደል?» አለቻት መሊካ።

«ነው። አልዋሽም፣ ጾመኛ ነኝ» አለች ፈሪዳ ሚጥሚጣ እየሰፈረች። «እንድትወድቅ ተመኝቼ አውቃለሁ። እንዲህ እንድትወድቅ ግን? ወላሂ አልተመኘሁም።»

ሐጂ ረዲ ጨርቃ ጨርቅ መደብራቸው ውስጥ፣ ዓይናቸው ቀልቶ ተቀምጠዋል። አርብ ከጁምዓ በኋላ እስከ ማፍጠሪያ ድረስ ከመደብሩ እንዳልወጡ ተናገሩ።

«ጋሽ ጎበዜ ሻይ ይወዱ ነበር?»

«በጣም እንጂ! ሁዳዴን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ይጾምና ፔርሙሱን ይከፍታል። እኔ ካለሁ ግን እስክወጣ አይነካውም። “አንተ ተጠምተህ እኔ ፊትህ ፉት ልበል? ነውር አይደለም?” ይለኛል። ስንት ረመዳን አብረን ስንሠራ አንድ ቀን ፊቴ አልጠጣም።» ሽማግሌው ፊታቸውን በጋቢያቸው ሸፈኑ።

የቀረው የማህበሩ ጸሐፊ ኢዩኤል ነው። ድሮ ባንክ ይሠራ ነበር። ሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ አጠገብ ካፌ በረንዳ ላይ ማኪያቶ ይዞ ጠበቃት።

«ምን ልዘዝልዎት ኢንስፔክተር?»

«ጾመኛ ነኝ።»

«ይቅርታ፣ ረሳሁት» አለና ማኪያቶውን ሳብ አደረገ። «ያሳዝናል። ግን እውነቱን ልንገርዎት? የሚመጣ ነገር ነበር። ሰው ሱቅ በር ላይ ቁጭ ብሎ ገቢ መገመት አሠራር ነው? ከአንድ የፋይናንስ ድርጅት ጋር እንቀላቀል፣ ወረቀት ያለው ብቻ ይበደር ብዬ ስንት ጊዜ ለመንኳቸው። ይኸው፣ ታዛቢው ከጠያቂ እጅ ምድጃ ተቀብሎ ሞተ።»

«ለመጨረሻ ጊዜ ቢሮ የሄድከው መቼ ነው?»

«ሐሙስ። አርብ ጭራሽ መርካቶ አልነበርኩም።»

«ምድጃውን አይተኸዋል?»

«የት አይቼው? ወስዳችሁት የለ። ግን ጽጌረዳ ያለበት ክዳን ስለተደረገለት የከሰል መርዝ ይቀራል እንዴ? እነዚህ ሰዎች መርዝም ቢሆን አሸብርቀው ነው የሚሸጡት።»

መሊካ አመስግናው ተነሳች።

እሁድ ከሰዓት የማህበሩ አባላት በሐጂ ረዲ መጋዘን ውስጥ ተሰበሰቡ። ጣቃ ላይ የተቀመጠ አለ፣ የቆመ አለ። ሠርኬ ስትገባ ሹክሹክታው ተነሳ። ወደ ኋላ አልሄደችም፤ ፊት ለፊት ባዶ በርሜል ገልብጣ ተቀመጠች። ኢዩኤል ተነስቶ «ከአጀንዳው በፊት የወይዘሮዋ ጥያቄ ውድቅ ይደረግልን» አለ።

«ከዚያ በፊት እኔ አጀንዳ አለኝ» አለች መሊካ። በሩ ላይ ሁለት ፖሊሶች ቆመዋል። «ጋሽ ጎበዜን ከሰል አልገደላቸውም።»

አንዳንዱ ከጣቃው ላይ ተነሳ።

«የሆስፒታሉ ሐኪም ዛሬ ጠዋት ነግሮኛል፤ ደማቸው ውስጥ የከሰል ጭስ የለም፤ የሞቱትም አርብ ከማፍጠሪያ ሰዓት በፊት ነው። በትራስ ታፍነው ነው። ምድጃውም ነዶ አያውቅም። አንድ ጊዜ እሳት ያየ ምድጃ ሆዱ ይጠቁራል፣ ቀለሙ ይላጣል፤ ይሄ ግን ከአመዱ ሥር ያበራል። አመዱ ውስጥ ደግሞ እርጥብ የሻይ ቅጠል ነበረ። እርጥብ ቅጠል ከእሳት ይተርፋል? አመዱ የመጣው ኮሪደሩ ጫፍ ካለው የሻይ ቤት የአመድ ጣሳ ነው። አንድ ሰው ገደለ፣ አመድ ዝቆ ምድጃው ላይ ደፋ፣ ጣቱን ወደ ሠርኬ ቀሰረ።»

«ማን?» አለ አንዱ ከኋላ።

«ጋሽ ጎበዜ አብረውት ሻይ የጠጡት ሰው። ሁለቱም ብርጭቆ ተጠጥቶበታል። ሠርኬ ናት? ብድር ጠያቂ ናት። ታዛቢ ከጠያቂ ጋር ውሃ አይቀምስም፤ እሳቸው ደግሞ ደንቡን ለጥም እንኳ ያላፈረሱ ሰው ናቸው። ፈሪዳም ጠያቂ ናት፣ በዚያ ላይ ጾመኛ። ሐጂ ረዲም ጾመኛ ናቸው።»

ኢዩኤል ሳቅ አለ። «ኢንስፔክተር፣ የሚገድል ሰው ጾም መፍታት ይከብደዋል?»

«አይከብደውም። የገዳዩን ሃይማኖት መች መዘንኩ? የመዘንኩት የሟቹን ይሉኝታ ነው። ሐጂ ጾማቸውን ቢፈቱ እንኳ ጋሽ ጎበዜ ፊታቸው ሻይ አይቀዱም። እዚህ ጠባብ ሰፈር ሰውየው የሚያፍሩለትን ሰው ሁሉ ቆጥሬ ጨረስኩ። ቢሯቸው የሚገባ፣ ብድር ያልጠየቀ፣ ጾመኛ ያልሆነ አንድ ሰው ቀረኝ።»

ዓይን ሁሉ ወደ ኢዩኤል ዞረ።

«ይሄ ማስረጃ ነው?» ብሎ ጮኸ። «አርብ እዚህ አልነበርኩም ብያለሁ!»

«ብለሃል። ምድጃውንም አላየሁም ብለሃል። ሐጂ፣ ሬሳውን ሲያገኙ ምድጃው ክዳን ነበረው?»

«የምን ክዳን? አመዱን እኮ ነው ያየሁት።»

«ክዳኑን ከሶፋው ሥር ያወጣሁት እኔ ነኝ፤ ለማንም አላሳየሁም። ሠርኬ አርብ ከጆንያው አውጥታ ለጋሽ ጎበዜ ብቻ አሳየችው። ጽጌረዳ እንዳለበት አንተ ከየት አወቅህ ኢዩኤል? ክዳን የተገጠመለት ምድጃ ሲነድ ያደረ ስለማይመስል አንስተህ የደበቅኸው አንተ ካልሆንክ በቀር?»

ኢዩኤል ወደ በሩ አየ፤ ፖሊሶቹ አልተነቃነቁም። ከዚያ ንዴቱ ገነፈለ። «አስር ጊዜ ለመንኩት! ድርጅቱ ሥራ አስኪያጅ ሊያደርገኝ ነበር። እሱ ግን “እነዚህን ሰዎች ለወረቀት አልሸጥም” አለኝ! ለእነዚህ! ለቆርቆሮ ቀጥቃጭ! ለሚጥሚጣ ነጋዴ! እሁድ በስብሰባው ሹመትህን ገልጬ አዋርድሃለሁ ሲለኝ...» ቀሪውን ዋጠው። ፖሊሶቹ ክንዱን ያዙት። ሲያልፍ ሠርኬ ከበርሜሏ ተነስታ መንገዱ ላይ ቆመች።

«በሳቸው ሬሳ ላይ የኔን ስም ልትጽፍ ነበር» አለችው። «እዚሁ ነኝ። እየኝ።»

እሱ ዓይኗን ማየት አቃተው። ወሰዱት።

ሐጂ ረዲ እንደምንም ቆሙ። «ልጄ ሠርኬ፣ በድለንሻል። አውፍ በይን፣ ይቅር በይን። በጎበዜ ነፍስ ስም ብድሩን እንፍቀድላት፣ እጅ አውጡ።»

«አይሆንም!» አለች ሠርኬ። ሰው ሁሉ ደነገጠ። «በሐዘኔታ አትስጡኝ። ትላንት በወሬ ከሰሳችሁኝ፤ ዛሬ በእንባ ልታጸድቁኝ? ደንባችን ምን ይላል? ታዛቢ ቆሞ ይመሰክራል። የኔ ታዛቢ ሞተዋል። ሌላ ላኩ፤ ሱቄ ክፍት ነው።»

«ነገ ሰኞ ነው እኮ! ቤቱ ያመልጥሻል!» አሉ ሐጂ።

«ያምልጠኝ። ለማኝ ሆኜ የምገባበት ቤት ይቅርብኝ።»

ፈሪዳ ከጥግ ተነሳች። «እኔ እመሰክራለሁ።»

«አንቺማ ተፎካካሪዋ ነሽ!» አለ አንዱ።

«ለዚህ ነው የምታምኑኝ። ተፎካካሪ በነጻ አያሞግስም።» ወደ ተሰበሰቡት ዞረች። «ተራዋን ስለምፈልግ ስታጎድል ልያዛት ብዬ ዓመት ሙሉ ጠበቅኋት። ክረምት ገበያ ሲሞት የሰው የተጨረማመተ ድስት ስታቃና አየሁ። ታማ ስትሠራ አየሁ። የሰው ብድር አንድ ቀን ስታሳድር ግን አላየሁም። ፈልጌ ነው ያጣሁት። አላህ ምስክሬ ነው፣ ቤቱ ይገባታል። የኔ በሚቀጥለው ዙር ይሁን።»

ሐጂ ረዲ «ተቃውሞ?» አሉ። የለም። መጋዘኑ ሙሉ እጅ ሆነ፤ በቅባት የጠቆረ፣ በቅመም የቀላ፣ በሚስማር የተቧጨረ እጅ።

ሠርኬ ከቅዳሜ ጀምሮ እንባ አልወጣትም ነበር። ሰው «አስመሳይ» እንዳይላት ሐዘኗን ዋጥ አድርጋ ነው የዋለችው። አሁን ግን ደረቷን መታች፣ መሬት ላይ ቁጭ አለችና ድምጿን ለቀቀችው።

«ቤት ገባሁ እኮ ጋሼ! ጋሽ ጎበዜ፣ ቤት ገባሁ እኮ!»

ፈሪዳ አጠገቧ ተቀመጠች። ማንም ዝም በይ አላላትም።