ሰባት ቁጥር የት ዋለች?

የማዕድን ማውጫው ፎርማን ዋሻው ውስጥ በአፍጢሙ እንደተደፋ ተገኘ። ቁስል የለውም፤ መርዛም ጋዝ አፍኖ ገድሎታል። ከበላዩ ጋዝ የምትለካው ትንሽ ሴንሰር፣ ሰባት ቁጥር፣ ተሰቅላለች። ጣራው ቀኑን ሙሉ ያንጠባጥባል፤ እሷን ግን ጠብታ አልነካትም።

ባልደረቦቿ «እሜቴ ለምን» የሚሏት መርማሪ ሴንሰሯን በጣቷ ዳበሰች።

ስክሪን ፊት ተቀምጦ ሠራተኛ ወደ ዋሻው የሚያስገባው የሟቹ ታናሽ ወንድም ነው። አሁን እጁ በካቴና ታስሯል።

«ስክሪኑ ‹አየሩ ንጹሕ ነው› ይል ነበር! በእናቴ! ‹ግባ፣ ወንድም ጋሼ› አልኩት...»

«እንቅልፍ ወስዶህ ነው ይላሉ» አለችው መርማሪዋ።

«እኔ ነኝ የገደልኩት ማለት ነው?» ብሎ አለቀሰ።

መርማሪዋ ሴንሰሮቹን ወደሚቆጣጠረው መሐንዲስ ሄደች። «ሴንሰሮቹስ ይተኛሉ?»

«ባትሪ እንዲቆጥቡ ተራ በተራ አስተኛቸዋለሁ፤ ግን ለአንድ ደቂቃ ብቻ። ወሬያቸውን እየተቀባበሉ ነው ስክሪኑ ላይ የሚያደርሱት፤ ሰባት ለስድስት፣ ስድስት ለአምስት። እያንዳንዷ የምትሰጠው ለቅርብ ጎረቤቷ ነው።»

«እንደ ሰፈር ሐሜት በለኛ! ማን ለማን እንዳቀበለ ይመዘገባል?»

«ይመዘገባል፤ ግን ማን ያየዋል?»

«እኔ።»

ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ስትገባ የኮቷን አዝራሮች ቆለፈች። ማቀዝቀዣው ያጓራል።

«ልጁ እንቅልፋም ነው» አላት። «ያቺ ሰባት ቁጥርም በሳምንት ሦስቴ እየጮኸች ሥራ አስቁማብናለች።»

«ለምን?»

«እኔ ምን ዐውቄ!»

ከሰዓት በኋላ ሦስቱንም እዚያው ቢሮ ሰበሰበች።

«ሰባት ቁጥር ጠዋት ‹ንጹሕ› ብላለች፤ ልጁ አልዋሸም። ግን ወሬዋን ያቀበለችው ለስድስት ሳይሆን ለአንድ ቁጥር ነው። አንድ ቁጥር የት ናት?»

«እዚህ በር ላይ» አለ መሐንዲሱ፤ ፊቱ ዐመድ መሰለ።

«ስለዚህ ሰባት ዋሻው ውስጥ አልነበረችም። ሙቀትም ትለካለች። ዋሻው ሠላሳ አንድ ዲግሪ ነው፤ እሷ ዐሥራ ስምንት ብላለች። በዚህ ግቢ ማቀዝቀዣ ያለው ክፍል ስንት ነው?»

«ይኸው አንዱ ብቻ» አለ መሐንዲሱ።

ሥራ አስኪያጁ በዚያ ብርድ ላብ በላብ ሆነ።

«እርስዎ ነዎት ወደዚህ ያመጧት» አለችው መርማሪዋ። «ሬሳው እንደተገኘ በግርግሩ መሐል መልሰው ሰቀሏት። ደረቅ የሆነችውም ለዚህ ነው። ጩኸቷ ካስጠላዎት ጆሮዎን ይደፍኑ ነበር እንጂ!»

«ለግማሽ ቀን ብቻ ነበር... ሥራው እንዳይቆም ብዬ...»

የልጁ ካቴና ተፈታ። እሱ ግን ከወንበሩ አልተነሣም። የክፍሉን ቀዝቃዛ አየር በረጅሙ ሳበ።

«ይህን አየር ነው» አለ፣ «ለወንድም ጋሼ ንጹሕ ነው ያልኩት።»