ጠርዙን ወንዙ ያውቃል

በኪንሻሳ፣ በማሲና ሰፈር፣ ክዋንጋ የሚወድ ሰው ሁሉ የማማ ንኬንጌን ግቢ ያውቃል። ካሳቫዋን ዘፍዝፋ፣ ወቅጣና አቡክታ፣ በቅጠል ጠቅልላ ስትቀቅለው ሽታው ከመንገድ ይጠራል። የምትኖረው ከአንድ ልጇ ከሉዞሎ ጋር ነበር። ኑሯቸው ከእጅ ወደ አፍ ቢሆንም ሳቅ አይጠፋበትም። በዚያ ቤት አንድ ሕግ ብቻ ነበር፤ ያ ዘፈን እንዳይሰማ! ከመንገዱ ማዶ ካለው ከፓፓ ዜንጋ መጠጥ ቤት «ሮዛሊ...» የሚል ድምፅ ብቅ ሲል ሉዞሎ ሮጣ ትሄድና «ፓፓ ዜንጋ፣ እባክዎ!» ትላለች። ሽማግሌውም «እናትሽ ከሙዚቃ ጋር ምን አጣላት?» እያለ ሬዲዮውን ይቀይረዋል። ስንቱ ጥንድ በዚያ ዘፈን ተጋብቷል! ለዚያች ቤት ግን መርዶ ነበር።

ዘፈኑን የሠራው ሉሳላ ነው፤ የንኬንጌ ባል፣ የሉዞሎ አባት። በወጣትነቱ ከጊታሩ በቀር ጥሪት አልነበረውም። የንኬንጌ አባት «ጊታር ተቀቅሎ አይበላም» ብለው ቢከለክሉት፣ ልጅቷን ከወንዙ ማዶ በታንኳ አሻግሮ ኮበለለ። ከዚያ ቀን የተረፈቻት አንዲት ሽርጥ ናት። ጠርዟ የተቀደደ ነው። ንኬንጌ ከሣጥኑ ሥር አጣጥፋ አስቀምጣታለች። ልጇ ስትጠይቃት «አይጥ በልቶት ነው» ትላለች። አይጥ የበላውን ጨርቅ ማን በሣጥን ያኖራል? ሉዞሎ ግን ልጅ ናትና አመነች።

በዚያች ከተማ ባለገንዘብ ሁሉ ስሙ በዘፈን እንዲጠራለት ይከፍላል፤ ነውር የለውም። የሚጠራው ግን ከበሮው በሚሞቅበት፣ ሕዝቡ በሚጨፍርበት ክፍል ነው። መጀመሪያ ላይ ያለው የቀስታው ክፍል የልብ ቦታ ነው፤ እዚያ የሚጠራው የሚወዷት ሴት ስም ብቻ ነው። ሉሳላም እዚያ ቦታ ላይ «ንኬንጌ፣ መራራዋ ካሳቫዬ፣ ውሃ ውስጥ እስክትለሰልሺ ለጠበቀሽ እንዴት ትጣፍጫለሽ!» ብሎ ዘፍኖ ነበር። ዘፈኑ ሊቀረጽ ሲል ሉዞሎ ታመመች። ሕፃኗ ትንፋሿ ተቆራረጠ... ሐኪም ቤቱ ያለ ገንዘብ አልቀበልም አለ። አንድ ነጋዴ መጣና «እከፍላለሁ» አለ፤ «የውሽማዬ ስም ግን በጭፈራው ሳይሆን በልቡ ቦታ ይግባ።» አባት ምን ያድርግ? የሚስቱን ስም አውጥቶ የሮዛሊን አስገባ። ልጅቷ ዳነች፣ ዘፈኑም ከተማውን አጥለቀለቀው።

«ሮዛሊ ማን ናት?» አለች ንኬንጌ።

«የነጋዴው ውሽማ። ስምሽን የሸጥኩት ለልጃችን ማሳከሚያ ነው።»

«የልቡ ቦታ ላይ ስም የሸጠ ዘፋኝ አሳየኝ እስኪ! የኔን ካሳቫ ለሌላ ሴት አበላህ፤ አሁን ደግሞ በልጄ ታመካኛለህ?»

በማግስቱ ሕፃኗን አዝላ ወጣች። ሉሳላ ደጅ ጠና፤ አልከፈተችለትም። ሽማግሌ ላከ፤ መለሰቻቸው። ወይ ዕድል! እውነቱን ተናግሮ እንደ ዋሸ የተቆጠረ ሰው ከዚህ በላይ ምን ይበል?

ዓመታት አለፉ፤ ሉዞሎ ለአቅመ ሔዋን ደረሰች። አንድ ቀን ፓፓ ዜንጋ ቆቡን አውልቆ ግቢው በር ላይ ቆመ።

«ንኬንጌ፣ ሉሳላ ታሟል። ጉሮሮው ነው፤ ድምፁ ጨርሶ ጠፍቷል። ሐኪሞቹም ተስፋ ቆርጠዋል።»

«ሮዛሊ ታስታመው።»

«ከአልጋው አጠገብ ሮዛሊ የምትባል ሴት አላየሁም፣ የኔ እመቤት። ባዶ ወንበር ነው ያየሁት።»

ንኬንጌ ወደ ሊጧ ተመልሳ ማሸት ቀጠለች። የዘፋኙን መታመም የሰማው ሬዲዮ ዘፈኑን ለቀቀው። «ሮዛሊ...» ንኬንጌ እጇ እስከ ክርኗ ሊጥ ውስጥ ነበር። ልጇን አየቻት። ሉዞሎ ግን አልተነሣችም።

«ሂጂና አስቀይሪው እንጂ!»

«ዛሬስ አልሄድም፣ ማማ። አባቴ ዳግመኛ አይዘፍንም። አንድ ጊዜ እስከ መጨረሻው ስሚው።»

ስሙ አለፈ፤ ካሳቫውም አለፈ። ንኬንጌ ጥርሷን ነክሳ ጠበቀች። ከዚያ ሰምታው የማታውቀው ስንኝ መጣ፦

«ወንዙ ታንኳችን ውስጥ ሊጠይቀን ገባ፣
ፍቅሬ የሽርጧን ጠርዝ ቀድዳ ወተፈችበት፣
‹ዛሬ አይደለም፣ ሌላ ቀን ና› አለችው።
ስሙን የፈለገ ይውሰደው፤
ጠርዙ የማን እንደሆነ ወንዙ ያውቃል።»

እጇ ሊጡ ውስጥ ደርቆ ቀረ።

«ይሄ... ይሄ ነገር ከመቼ ጀምሮ ነው እዚህ ያለው?»

«ከመጀመሪያው ጀምሮ፣ ማማ። አገር ያውቀዋል። ፓስተሩ ‹ሽርጧ እምነት ናት› ይላል። የሬዲዮው ሰውዬ ደግሞ ‹ታንኳዋ አገራችን ናት› ብሎ ተርጉሞታል።»

«የምን አገር! ታንኳ ናት! ቀዳዳ ታንኳ!» ብላ ጮኸች ንኬንጌ፤ እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። «ስንሻገር ውሃ ገባብን... ወታፊዋ እኔ ነኝ፣ ልጄ! እኔ ነኝ!»

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይላሉ። ያ ሰው በከተማው ሬዲዮ ሁሉ እየጠራ ሲምልላት፣ እሷ ስሙ ላይ ሲደርስ ታዘጋው ነበር። የፈረደችበት ግማሹን ሰምታ ነው። እጇን ታጥባ ሣጥኑን ከፈተች። ሉዞሎም ሽርጧን አየች፤ እናቷንም አየች፤ የአይጥ ነገር ዳግመኛ አልተነሣም።

ሉሳላ ጠባብ ክፍል ውስጥ ክስት ብሎ ተኝቶ ነበር። ንኬንጌ ባዶው ወንበር ላይ ተቀመጠች። ምንም ሳትል ሽርጧን ደረቱ ላይ ዘረጋችለት። ጣቱ ጨርቁን ዳበሰ፣ ዳበሰና የተቀደደው ጠርዝ ላይ ቆመ። ዓይኑ ሞላ።

«አንተ ሰውዬ» አለችው እያለቀሰች፣ «ዋናው ነገር መጨረሻ ላይ ይደረጋል? ሰው መጀመሪያ ላይ አይናገርም?»

ያለ ድምፅ ሳቀ። ቀጥሎ ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ። ድምፅ አልወጣውም፤ ግን የጠራው የማንን ስም እንደሆነ ይጠፋታልን? ሉዞሎም የአባቷን እግር ይዛ፣ በተሸጠ ስም የተገዛች ነፍሷን እያሰበች ተንሰቀሰቀች።

ከዚያ ብዙም አልቆየ። ዝናብ በሚዘንብበት አንድ ከሰዓት በኋላ እጁ በእጇ ውስጥ እንዳለ አረፈ። በለቅሶው ጓደኞቹ ዘፈኑን ሲጫወቱ ስሙ ቦታ ላይ ደርሰው ዝም አሉ። በዚያ ዝምታ ውስጥ የሉዞሎ ቀጭን ድምፅ «ንኬንጌ...» ሲል ለቀስተኛው ሁሉ ተላቀሰ።

ዕድል እንዲህ ናት፤ ሁለት ሰው በቀዳዳ ታንኳ ታሻግርና በአንድ ስም ታለያያለች። ሬዲዮው ዛሬም «ሮዛሊ» ይላል። ማማ ንኬንጌ ግን አታዘጋውም። ሊጧን እያሸች ስሙ እስኪያልፍ ትታገሣለች፤ ወንዙ እስኪገባ ትጠብቃለች።